አትችልም የተባለች ልብ

መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሰብለ ናት። "የሄድሽበትን ደቂቃ፣ የልብ ምትሽን፣ የተሰማሽን ጻፊ" አለችኝ። ለደቂቃውና ለምቱ አንድ መስመር ይበቃል። የተሰማኝ ግን በአንድ መስመር አይያዝም፤ ስለዚህ ሰብለ የማታየውን ከኋላው ገጽ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ዛሬ ሄድኩ። ዐሥር ደቂቃ። የትም አይደለም፤ የቀበሌውን አዳራሽ ዙሪያ። የትም ለመድረስ ሳይሆን ለመሄድ ብቻ ስሄድ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

የልቤን ታሪክ አንዴ ላስፍርና ልገላገል። በስምንት ዓመቴ ጉሮሮዬን አመመኝ። ከዚያ ጉልበቴና ክርኔ አበጡ፤ ቆይቶ ዳነች ተባለ። የልቤ አንዷ በር ጠብባ መቅረቷ የታወቀው በኋላ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያምሮት አትሮጥም፣ ያምሮት ውኃ አትቀዳም፣ ያምሮትን አታናዷት። እናቴ እናኑ ትምህርት ቤት በጀርባዋ ታደርሰኝ ነበር። አራተኛ ክፍል ደርሼ፣ እግሬ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ አሁንም ታዝለኝ ነበር። ማንም ለጋብቻ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቅም እናቴ "እሷ አትችልም" ብላ ከበር ትመልሰዋለች።

የዛሬ ዓመት ተኩል አዲስ አበባ ወስደውኝ በጭኔ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ጫፉ ላይ ባለች ትንሽ ፊኛ ያቺን በር ከፈቷት። ሐኪሙ "እንግዲህ እንደ ሰው ኑሪ" አለኝ። ተመልሼ መጣሁና እንደ ድሮዬ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ሰው መኖር ከየት እንደሚጀመር ማን ነግሮኝ።

ሰብለ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ነጭ ጋዋን ስለምትለብስ ፍኖተ ሰላም በሙሉ "ሲስተር" ይላታል፤ ማረም ሰልችቷት ትታዋለች። ማክሰኞና ዓርብ፣ ለዐሥራ ሁለት ሳምንት፤ የልብ ማገገሚያ ትለዋለች። ስድስት ነን። ከስድስታችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወጣትም እኔ ብቻ ነኝ።

እናቴ ለልቤ በየወሩ የምወጋውን መርፌ ልወጋ የሄድኩ መስሏታል። አልዋሸኋትም። ዝም ነው ያልኩት።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። ምት 104።

የዛሬው ትምህርት፦ "እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ ማዜም ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነታችሁ ልክ ነው።" መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ይህን ሲሰሙ ቆሙ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ባለፈው ኅዳር ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟቸው ከሞት ደጅ ነው የተመለሱት።

"ልጄ፣" አሏት፣ "እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሌሊቱን ቆሜ ያዜምኩ ሰው ነኝ። ማዜም እስኪያቅትህ ሂድ ካልሽኝ ቡሬ እደርሳለሁ።"

ደግሞ ሁሉም ሰው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ እንቁላሉ አራት ጊዜ ሄደ። ሰብለ አዋጅ አወጣች፤ እንቁላሉን ያነሣ ሰው አንድ ዙር ይጨመርበታል። መሪጌታ አንድ ዙር ተጨመረባቸው። ዙሩን ሲጨርሱ "ደረሰ" አሉ። "ማን?" አልኩ ሳላስበው። "እንቁላሉ" አሉኝ፣ ትክ ብለው እያዩኝ።

ደረሰ የሚባል ሰው በከተማው አንድ ብቻ አይደለም። ለምን እንደደነገጥኩ አላውቅም።

መጋቢት 13፣ ማክሰኞ

ሰብለ በየቀኑ ሂዱ ብላለች። እናቴ ሳታውቅ በየቀኑ የሚኬደው እንዴት ነው? ክር አለቀብኝ እያልኩ መውጣት ጀመርኩ። የደረሰ ሱቅ ከገበያው ማዶ ነው። ክርና አዝራር ይሸጣል። ለእኛ ቤት የሚቀርብ ሌላ የክር ሱቅ አለ፤ ግን የደረሰ መንገድ ሜዳ ነው፤ ለልብ ጥሩ ነው። በዚህ ሳምንት አምስት ጥቁር ክር ገዛሁ።

"የምን ኀዘን ልብስ ነው የምትሰፊው?" አለኝ።

"የማንም።"

"እንኳን" አለና ሣቀ። ሲሥቅ አንድ ጉንጩ ብቻ ይሰረጎዳል። ይህን የጻፍኩት እንዲሁ ነው።

ከሱቁ ወጥቼ ምቴን ቆጠርኩት። ቆሜ፣ ሳልሄድ፣ 118። ምክንያቱን ሰብለን እጠይቃታለሁ። ወይም አልጠይቃትም።

ማታ ከእናቴ ጋር ከወፍጮ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ቆመን ሰው ሰላም አልን። እናቴ ሰላምታ የማትወድ ሴት ናት፤ "እንዴት ዋላችሁ" ብላ ሳትቆም ነው የምታልፈው። ዛሬ ግን የአንዷን ጎረቤት የልጅ ልጆች እንኳ አንድ በአንድ ስትጠይቅ ነበር። እኔ እንድትቸኩል ፈለግሁ። እግሬ መሄድ ለምዷል፤ መቆም አስጠላው።

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

ዐሥራ ስምንት ደቂቃ። አሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሁለት እጅ፣ ዐሥር ጊዜ ወደ ላይ።

ዓርብም ይህንኑ ሠርተን ነበር፤ ክንዴ እንዲህ ከበረታ ብዬ ትናንት ማለዳ ጀሪካኑን አንሥቼ ወደ ቦኖው ሄድኩ። እናቴ ደረሰችብኝ። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ያዝን። ወረፋ የያዙት ሴቶች ያዩናል።

"ልቀቂ።"

"ግማሹን ብቻ ልያዝ።"

"ልቀቂ አልኩሽ፤ አትችይም።"

ለቀቅሁ። እሷ ተሸክማ ሄደች፤ መሀል መንገድ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ደግሞ አስቀምጣ አስተካከለች። ቤት ስትደርስ ላብ አጥምቋታል። በእኔ ተናድዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ራሴን ስወቅስ ዋልኩ።

ደግሞ ጫማዋ ጠበባት። "ዝናብ ነክቶት ተኮማትሯል" አለችኝ። እስካሁን ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልዘነበም። የእኅቴን የሰርካለምን የሰርግ ቀሚስ ስለካ የእሷንም ቀሚስ ወገቡ ላይ አስፊልኝ አለችኝ። ሁለት ጣት ለቀቅሁላት። በጾም የምትወፍር ሴት እናቴ ብቻ ናት አልኳት። ሣቀች፤ ሣቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ሮጥኩ።

ሌላ ምን ልበል? ሰብለ "ዛሬ ከአዳራሹ ጥግ እስከ ባሕር ዛፉ ሶምሶማ ሞክሪ" አለችኝ። በኋላ በስፌት ሜትሬ ለክቼዋለሁ፤ አርባ አንድ ሜትር ነው። ሲጀመር እግሬ ግራ ገባው፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይራመድ ነበር። ከዚያ መሀል ላይ ሁለቱም አንድ ላይ መሬት የለቀቁበት ቅጽበት መጣ። ሁለቱም። ሰዎች ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር? አውቀውስ እንዴት ዝም አሉኝ?

ባሕር ዛፉን አቀፍኩት። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሣቅ ያዘኝ። ሰብለ እጄን ይዛ ምቴን ልትቆጥር ብትጀምር በሣቄ ይጠፋባታል፤ ሦስት ጊዜ ከአንድ ጀመረች። 128። "ጥሩ ነው፣" አለች፣ "ግን ዛፉን ልቀቂው፤ መሪጌታም ተራቸውን ይፈልጋሉ።"

መሪጌታ ወደ ዛፉ ሲመጡ ጥምጣማቸው ወልቆ ነበር። "የሰማንያ ዓመት እናቴ ይህን ብታይ ዕድሜዬን ትጠይቀኝ ነበር" አሉ።

ቤት ስገባ እናቴ "ምን አግኝተሽ ነው?" አለችኝ። የፊቴን ደስታ መደበቅ አልቻልኩም። "ጥሩ ክር" አልኳት።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ሥራ በዛ። ሰርግ ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የሰርካለም ቀሚስ ጥልፉ ቀርቷል። የአራት ሚዜ ቀሚስም አለ። መርፌ ሰበርኩ። ዛሬ ሃያ አምስት ደቂቃ፤ ምት አልቆጠርኩም። ደረሰ ነጭ ክር በነጻ ጨመረልኝ፤ "ጥቁሩ በዛብሽ ብዬ" አለ። እናቴ ሽሮው ጨው አነሰው ብላ ለብቻዋ ጨመረች። ሰብለ ጨው ቀንሱ ያለችው ለእኔ እንጂ ለእሷ አይደለም፤ ምን አገባኝ።

ሚያዝያ 9፣ ሆሳዕና

እናቴ ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ዘንባባውን እኔ አመጣሁላት። "ቤት ልጠብቅ ብዬ ነው" አለች። ከእኛ ቤት የሚሰረቀው የስፌት መኪናዬ ብቻ ነው፤ እሱም አራት ሰው ካልተሸከመው አይነሣም። አልጠየቅኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብቻዬን በፈለግሁት ፍጥነት ሄድኩ።

ስመለስ ጎረቤታችን ታንጉት በር ላይ ቆማ ከእናቴ ጋር ታወራለች። ስታየኝ ዝም አለች፤ ሄደች። ገባኝ።

"ሮጥሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ትንሽ።"

"ትንሽ ሩጫ አለ እንዴ? ሰው ወይ ይሮጣል ወይ አይሮጥም።"

"ከአዳራሹ እስከ ባሕር ዛፉ ነው። የምታስሮጠን ባለሙያ ናት፤ ለልብ ነው።"

"ከሽማግሌዎች ጋር?"

"መሪጌታ ኪዳነ ማርያምም አሉ።"

ያመጣሁላትን ዘንባባ ከእጄ ተቀበለች። "እህል ውኃውን፣ እንጨቱን፣ ሸክሙን ሁሉ እኔ ላይ ያደረግሁት፣ ያቺ ልብ አንድ ቀን ባሕር ዛፍ ሥር እንድትፈነዳ ነው?"

"እማ፣ ያቺ ልብ የእኔ ናት።"

እንዲህ ብዬ አላውቅም። ድምፄም የእኔ አልመሰለኝም። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ "እንግዲያ እኔ ምን ልሥራ?" አለች።

ስለ ራት መስሎኝ "ሽሮ አለ፤ እኔ አሞቀዋለሁ" አልኳት።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

አታናግረኝም። ሌሊት ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ሁለት ትራስና የተጠቀለለ ጋቢ ከኋላዋ አድርጋ፣ እንደ መናኝ። አንዳንዴ ተነሥታ በሩን ከፍታ ትቆማለች። "ሌሊት እንዳትሮጪብኝ እጠብቅሻለሁ" ብላ ለታንጉት ስትነግራት ሰማሁ። ሣቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ አፈርኩ።

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ደረሰ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። ለጥሪ አይደለም፤ የታዘዘልኝን ዚፕ ይዞ ነው። ዚፕ አላዘዝኩም። እናቴ "ተቀመጥ" አለችው፤ ጠላ ቀዳችለት። በተራ በተራ አየችን። ሲሄድ ሳጥኔን ከፍታ ዐሥራ አንዱን ጥቁር ክር መሬት ላይ ደረደረች፤ ፈገግ ብላ መልሳ ከተተችው። ይህ ከሚያዝያ 9 ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነው፤ እሱም በግማሽ።

ሰብለ ዛሬ "ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ፤ ያዩ ሰዎች ፍርሃታቸው ይቀንሳል" አለች። እናቴን ለመንኳት። "ጤነኛ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ?" አለችኝ። በቃ።

ሠላሳ ደቂቃ። ሦስት ጊዜ ሶምሶማ። ሰብለ "ልብሽ ከሥራሽ ጋር ታረቀች" አለችኝ።

ግንቦት 1፣ ልደታ

ንፍሮ ደጅ ቀርቦ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ በላን። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ እኔ አስተናገድኩ። ሴቶቹ "አይ እናኑ፣ ለልጅሽ ሥራ አስረከብሽ" አሏት። እኔ ውስጤ ጨፈረ። አንድም ሴት "ተቀመጪ፣ አትችይም" አላለችኝም።

እሁድ የሰርካለም ሰርግ ነው። እኅቴ ጅጋ ታስተምራለች፤ ድግሱ የአባቴ ወንድም አያ ዘሩ ግቢ ነው፣ ከጅጋ ወደ ገጠር ገባ ብሎ። ለእኔም ቀሚስ ሰፋሁ። ከታች ሰፊ ነው። ለምን ሰፊ እንዳደረግሁት እናቴ ጠየቀችኝ። "ፋሽን ነው" አልኳት።

ግንቦት 8፣ ሰኞ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለበለዚያ ጭንቅላቴ አያርፍም።

ትናንት ሰርካለምን ዳርናት። ዳሱ ሞልቶ ነበር። "እታለም፣ ዛሬ ካልጨፈርሽልኝ አልወጣም" አለችኝ። ገባሁ። ትከሻዬ ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ ሲጠብቅ እንደኖረ አላውቅም ነበር። ሁለት ዙር ጨፍሬ ራሴን ፈተንኩ፤ ማውራት ቻልኩ፣ መዝፈን አቃተኝ። ልክ ነኝ። ከዚያ እንድታየኝ ብዬ እናቴን ፈለግሁ። ከሴቶቹ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ታየኛለች። ፊቷ ጠቁሯል። የተቆጣች መሰለኝና በእልህ ሦስተኛ ዙር ገባሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሙሽራዋ ወጣች። ጎረምሳው ሁሉ ሸኚ ሆኖ አብሯት ሄደ። ግቢው ጭር ሲል እናቴ የለችም። ከጓዳው ጀርባ፣ የማገዶ ክምሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እማ።"

"ምንም… አልሆንኩ።" በሁለቱ ቃላት መሀል ትንፋሽ ፈለገች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ ውስጥ ድስት የሚፈላ ይመስላል።

ስልክ ኔትወርክ የለውም። ባጃጅ የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ነው፤ እስከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። አያ ዘሩ "ሰው ይላክ፣ ሰው ይላክ" እያሉ ዙሪያቸውን ያያሉ፤ የቀሩት ሽማግሌዎችና ጠላ የጣላቸው ናቸው። እኔ ጫማዬን አወለቅሁ። እናቴ ገባት። እጄን ያዘችኝ።

"አትችይም" አለች።

"እችላለሁ" አልኩና ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅሁ።

እንደ ሰብለ ትምህርት አደረግሁት፤ እስከሚቀጥለው ዛፍ ሩጫ፣ እስከሚቀጥለው ዛፍ እርምጃ። የሰርግ ቀሚሴን ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩት። መንገድ ላይ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አወጡልኝ፤ አልቆምኩም፤ "ይቺ ሙሽራ ናት እንዴ?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። ወንዙን በደንጊያዎቹ ላይ ዘለልኩት። መሀል ላይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እናቴ እየታፈነች እኔ መሮጤ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም አልነግርም።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኘሁ። ባለ ባጃጁ ቴዎፍሎስ ይባላል፤ ስሙን ልጽፈው ይገባል፤ "መንገዱ ባጃጅ አያስገባም" ብሎ ጀመረ፣ ፊቴን አይቶ አቆመ። እስከ ወንዙ ገባልኝ። ከማዶ እነዚያ ጠላ የጣላቸው ሰዎች እናቴን በቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ አየሁ። ራሳቸው ይንገዳገዳሉ፤ ቃሬዛው ግን ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ወንዙን ሲሻገሩ አንዱ ወደቀ፤ እናቴን ግን አልጣላትም፤ በትከሻው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይዟታል።

ጅጋ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አደረጉላት። ከዚያ በአምቡላንስ እዚህ ፍኖተ ሰላም አመጧት።

የሆስፒታሉ ሐኪም ሌሊት አነጋገረኝ። የደም ግፊቷ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሮ ልቧን አድክሟታል፤ ውኃው እግሯና ሳንባዋ ላይ ተጠራቅሟል። "በአንድ ቀን የመጣ አይደለም" አለኝ። "እግሯ ሲያብጥ፣ ተቀምጣ ስትተኛ፣ ስትሄድ ስትቆም ያየ ሰው የለም?"

"አይቻለሁ፣" አልኩት፣ "ጽፌዋለሁም።"

አላብራራሁለትም። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ አነበብኩት። ሁሉም አለ፤ ሰላምታው፣ ጫማው፣ ወገቡ፣ ትራሱ። እየሣቅሁ ነው የጻፍኩት።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ ነው። ነርሷ መርፌ ልትሰጣት ስትመጣ እናቴ ቱቦውን በእጇ ገፋ አድርጋ፣ "ልጄ የልብ ሕመምተኛ ናት፣ ከሌሊት ጀምሮ ቆማለች፤ ወንበር ስጧት" አለቻት። ነርሷ እኔን አየች፣ አልጋውን አየች። የትኛችን በሽተኛ እንደሆንን ግራ ገባት። ወንበር አመጣችልኝ። ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ለእናቴ ከእኔ መቀመጥ የተሻለ መድኃኒት አልነበረም።

መሪጌታ ሊጠይቁን መጡ። ራሴን ስወቅስ ሰሙኝ። "ልጄ፣ ልቡ የታመመ ሰው ልብ ማለት ይከብደዋል" አሉኝ። ሰሙን ወዲያው ያዝኩት፤ ወርቁን ለመያዝ ማታ ድረስ ፈጀብኝ።

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ውኃ የሚያስወጣው ኪኒን ሠራ። እናቴ በሰዓት አንዴ ወደ ሽንት ቤት ነው። "አትሩጪ ያልኩሽ እኔ፣ ይኸው እኔ ሯጭ ሆኜ ቀረሁ" አለችኝ። ከሆሳዕና ወዲህ እንዲህ አብረን ሥቀን አናውቅም። እግሯ ላይ የቁርጭምጭሚቷ አጥንት እንደገና ታየ። እየተቀባበልን አየነው።

ደረሰ የአጃ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ መጣ። "ጨው አልገባበትም፤ እናቴን ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ" አለ። እናቴ ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች፤ ግን ጨረሰችው። "ማነው አባትህ?" አለችው። ነገራት። "አያትህስ?" ነገራት። አያቱ ጋ ስትደርስ እኔ ፔርሙሱን ላጥብ ወጣሁ። አንድ ፔርሙስ ለማጠብ ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ።

ሰብለ ስለ ሩጫው ሰምታ መጥታ መረመረችኝ። መጀመሪያ ተቆጣችኝ፤ ሦስት ዙር ጭፈራና ከዚያ ያ ሁሉ መንገድ። ቆጥራ ስትጨርስ 76። ራሷን ነቀነቀች። "ለማንም አትንገሪ፤ ነገ ሁሉም በባዶ እግሩ ይመጣብኛል" አለችኝ።

ግንቦት 23፣ ማክሰኞ

ዐሥራ ሁለት ሳምንቴ አለቀ። ሰብለ በስድስት ደቂቃ የምሄደውን ለካችው፤ በመጋቢት ከሄድኩት በመቶ አርባ ሜትር በልጧል። መሪጌታ በዘጠና በልጠዋል፤ "ቀሪው ሃምሳ በዕድሜዬ ይታሰብልኝ" ብለው ተከራከሩ።

እናቴ ቤት ናት። ኪኒኗን በሰዓቱ እሰጣታለሁ። ጀሪካኑን እኔ ነኝ የማመጣው፤ በሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ አድርጌ። በር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ዛሬ ከቦኖው ስመለስ "እጅሽን ቀይሪ፤ አንዱን ክንድ ብቻ አታድክሚ" አለችኝ። ዕድሜ ልኳን የተሸከመች ሰው ዕውቀት ነው።

ሐኪሙ ከሰኔ ጀምሮ ቀስ ብላ መሄድ ትችላለች አለ። ሰብለ አዲስ ቡድን ትጀምራለች። እናቴ "እስቲ እናያለን" አለች። ይህ በእሷ አነጋገር "እሺ" ማለት አይደለም፤ "እምቢ" ማለትም አይደለም።

ሰኔ 7፣ ማክሰኞ

መጣች። ጫማዋ በልኳ ነው። ሰብለ "እማማ እናኑ፣ ዛሬ አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ትንፋሽዎ ካጠረ ያቁሙ" አለቻት። "ማቆም ለምጃለሁ" አለች እናቴ። መሪጌታ ዐሥራ ሁለት ሳምንታቸውን ጨርሰው ሳሉ ለጉብኝት ነው የመጣሁት ብለው እዚያው ነበሩ። "ቀስ በቀስ…" ብለው ጀመሩ፤ ሰብለ ጣቷን ስታነሣ አፋቸውን ያዙ።

አምስቱን ደቂቃ ሄደች። ሰብለ ለእሷም ደብተር ሰጠቻት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤት ስንገባ ደብተሯን ጭኔ ላይ አድርጋ፣ "እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ" አለችኝ። ቃል በቃል የጻፍኩላትን ለራሴም እዚህ ገለበጥኩት።

"ሰኔ ሰባት። እናኑ አምስት ደቂቃ ሄደች። አልወደቀችም።"

ጻፍኩ።

"መሪጌታ ብዙ ያወራሉ።"

"እማ፣ ይሄ እኮ ስለ ልብሽ ነው።"

"ልቤን ያደከሙት እሳቸው ናቸው። ጻፊ።"

ጻፍኩ።

"ልጄ በጎኔ ሄደች። እጄን ልትይዝ ስትል ከለከልኳት።" እጄን አየች። "ሁለተኛው ዙር ላይ እኔ እጇን ያዝኩ።"

"ደክሞሽ ነበር?"

"እሷ እንዳትወድቅ ብዬ ነው፣ ብለሽ ጻፊ።"

እንዳለችው ጻፍኩ። ደብተሩን ልዘጋ ስል እጇን ገጹ ላይ አደረገች።

"አልጨረስኩም። የክር ነጋዴው ነገር።"

"እማ።"

"መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ትዳሩንም ወሊዱንም። ሐኪሙ ምን እንደሚል እሱም ቁጭ ብሎ ይስማ። ሰምቶ ካልሸሸ፣ ጾሙ ይፈታና ከሐምሌ አምስት በኋላ ሽማግሌ ይላክ። ጻፊ።"

እጄ ላይ ብዕሩ ተንሸራተተ። ምቴን አልቆጠርኩም፤ ብቆጥረው ኖሮ ሰብለን ያስደነግጣት ነበር።

"ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"እስቲ አንብቢልኝ።"

ከሰኔ ሰባት ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጥላ አዳመጠች። "ደህና ነው" አለችኝ። ከዚያ የመጨረሻውን፣ የክር ነጋዴውን ነገር፣ ደግሜ አነበብኩላት፤ ይህን ሁለተኛውን ንባብ ማንም አልጠየቀኝም።